ዕቃው ተመልሷል፤ የመለሰው ማን ነው?

ጀምስ ኪቲንግ የተሰረቀው ዕቃ ተመለሰለት። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር። ኪቲንግ ግን ቀደም ብሎ ከስሷል። ዳንኤል ፊሊፕስ የሚባል ሰውና ሚስቱ የተሰረቀ ንብረቴን ተቀብለዋል ብሎ አመልክቶ፣ ባልና ሚስቱ ችሎት እንዲቀርቡ ታዝዟል። ስለዚህ ዕቃው እጁ እንደገባ ንብረቴን አግኝቻለሁ ብሎ ለባለ ሥልጣናቱ አስታወቀ። ቀጥሎ ምን እንደተጠየቀ ለመገመት ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ከማን እጅ አገኘኸው? ከቄስ እጅ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። እዚህ ምስጢሩን ደጅ ያወጣው ብቅልም ሐሜትም አልነበረም፤ የባለ ንብረቱ ቅንነት ነው። ሰውዬው ክሱ ይቅርልኝ ለማለት ሄዶ ቄሱን ለምስክርነት ዳርጎ ተመለሰ።

ጊዜው 1813፣ ቦታው ኒው ዮርክ ከተማ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቄሱ አባ አንቶኒ ኮልማን ይባላሉ። አልሳስ የተወለዱ፣ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል (ኢየሱሳዊ) ሲሆኑ፣ በባርክሌይ ጎዳና የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1785 የተመሠረተ፣ የከተማዋ የመጀመሪያው የካቶሊክ ደብር ነው። ምእመናኑ በአብዛኛው ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ በአገራቸው ሃይማኖታቸው በሕግ ሲቀጣ የኖረ፣ እዚህም ገና በጥርጣሬ ዓይን የሚታዩ ሰዎች።

አባ ኮልማን ፖሊስ ቢሮ ተጠሩ፤ አልናገርም አሉ። ምርመራው በዚህ መሀል ወደ ሁለት ጥቁር ሰዎች ዞረና እነሱ በሌብነት፣ ፊሊፕስና ሚስቱ ደግሞ በተቀባይነት ተጠረጠሩ። ቄሱ ክስ የሚያጣራው የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ፊት ቀርበውም አልናገርም አሉ። በመጨረሻ በዋናው ችሎት ለምስክርነት ተጠሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሌባ ዕቃ ቄስ እጅ ምን ሊሠራ ገባ? መልሱ ያለው በራሱ በኑዛዜው ሥርዓት ውስጥ ነው። በካቶሊክ ትምህርት የሰረቀ ሰው ተጸጽቶ ስለተናገረ ብቻ ነገሩ አያልቅም፤ የወሰደውን ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ሊመልስ ፈቃደኛ ካልሆነ ቄሱ ከኃጢአቱ አይፈታውም። ይመልስ ቢባል ደግሞ እንዴት ብሎ? በራሱ እጅ ይዞ ቢሄድ ራሱን ማጋለጡ ነው፤ በዚያ ዘመን የስርቆት ቅጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ቄሱ መልእክተኛ ይሆናል። ዕቃው ይሄዳል፣ ስሙ ይቀራል። ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ በብዙ አገርም ሲሠራበት ኖሯል። ችግሩ ኑዛዜው ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ ዕቃው ግን የሚጨበጥ ማስረጃ መሆኑ ነው። ንስሐው ራሱ ያዘዘው ግዴታ የምስጢሩን ጫፍ ከኑዛዜው ቤት ይዞ ወጣ። እኔ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ምስጢር የሚፈስሰው ቄስ ስለሚያወራ ይመስለናል፤ እዚህ ማንም አላወራም፣ ሁሉም የሚገባውን ነው ያደረገው።

አባ ኮልማን ችሎት ፊት የሰጡት ማብራሪያ የጉዳዩ እምብርት ነው። አልመሰክርም ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ ራሳቸውን ለሁለት ከፈሉ። እንደ አንድ ዜጋ፣ እንደ ግለሰብ ከጠራችሁኝ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው አንዳች ነገር የለም አሉ። እንደዚያ ሆኖ የሚያውቁት ቢኖር ኖሮ መመስከር ግዴታቸው መሆኑን፣ ለመንግሥት መታዘዝንም ሲያስተምሩ የኖሩ መሆናቸውን ተናገሩ። የምሥጢረ ንስሐ አገልጋይ ሆነህ መስክር ከተባልኩ ግን ስለ ዕቃው መመለስ ለሚቀርብልኝ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ መስጠት አልችልም፤ የተናዛዡን ስም ከማውጣት ሞትን እመርጣለሁ አሉ። ይህን ቢያደርጉ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ክህነታቸውንና አምላካቸውን የከዱ እንደሚሆኑ፣ ቅጣቱም የዘላለም ፍርድ እንደሆነ አስረዱ።

ዳኛ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው ብልጠት ሊመስለው ይችላል። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው በአንዱ ሰምቶ በሌላው አልሰማሁም ሊል አይችልማ! ለካቶሊክ ግን ነገሩ ሕግ ነው። በ1215 የተደረገው አራተኛው የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ምእመን በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ ሲያዝዝ፣ በዚያው አንቀጽ የተናዛዡን ነገር በቃልም በምልክትም የገለጠ ቄስ ከክህነት እንዲሻር፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ንስሐ እንዲገባ በጠበቀ ገዳም እንዲዘጋበት ደንግጓል። ግዴታው እና መቆለፊያው አብረው ነው የተወለዱት። ዛሬ ያለው የ1983ቱ የቀኖና ሕግም የኑዛዜ ማኅተም፣ ማለትም ቄሱ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው፣ የማይደፈር መሆኑን ይናገርና አንድ ነገር ይጨምራል። ቄሱ የሰማውን ባይናገር እንኳ፣ ምስጢሩ የመውጣት አደጋ ባይኖርም እንኳ፣ በኑዛዜ ያወቀውን ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበት አይችልም። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ገንዘብ እንደሚያጎድል በኑዛዜ የሰማ ቆሞስ፣ በዚያው እውቀት ተነሥቶ የካዝናውን ቁልፍ ሊቀማው አይችልም ማለት ነው።

እዚያ ላይ ሁለቱ ጥቁር ተጠርጣሪዎች አሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ ባርነት ፈጽሞ የቀረው በ1827 ስለሆነ፣ በ1813 ጥቁር ሰው በስርቆት ተጠርጥሮ ሲቆም ምን ያህል ተስፋ እንደነበረው መገመት አያስቸግርም። አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሌባውን ስም አይናገሩ፣ ግን እነዚህ ሰዎች ካልሆኑ «እነሱ አይደሉም» ቢሉ ምን ነበረበት? ጥያቄው የርኅራኄ ነው። መልሱ ግን ጨካኝ ይመስላል፤ አይችሉም። ቄሱ ስለ አንዱ «አይደለም» ካሉ፣ ስለ ሌላው ሲጠየቁ ዝም ማለታቸው «ነው» ይሆናል። አንድ ጊዜ በጎ መልስ የሰጠ አፍ ከዚያ በኋላ ዝምታው ሁሉ ምስክርነት ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ንጹሑን ለማዳንም አይከፈትም። ይህ ሥርዓቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሁልጊዜ በተናዛዡ ትከሻ ላይ አይወድቅም። የሥርዓቱ ጠበቆች ይህን ሸፋፍነው ሲያልፉ ደስ አይለኝም።

ዐቃቤ ሕጉ ባሬንት ጋርዴኒየር ጉዳዩን ሊተወው ዝግጁ ነበር። ክሱ ትልቅ አይደለም፣ ዕቃው ተመልሷል፣ አንድን ቄስ እስር ቤት ማስገባት የሚያስደስተው ሰው አልነበረም። እንቢ ያሉት የቅዱስ ጴጥሮስ ባለ አደራዎች ናቸው። ነገሩ በዝምታ ከታለፈ ነገ ሌላ ቄስ፣ ሌላ ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላ ዳኛ ይመጣል፤ መብት ከሆነ ይነገረን፣ ካልሆነም እንወቀው ብለው ውሳኔ ጠየቁ። ደፋር ሰዎች ነበሩ። ቢሸነፉ አባታቸው እስር ቤት ናቸው።

እስሩ ደግሞ ተረት አልነበረም። ከ11 ዓመት በፊት፣ በ1802፣ አየርላንድ ውስጥ ሆኗል። ጆን በትለር የሚባሉ የኮርክ ካቶሊክ ጳጳስ የቤተሰባቸው የሎርድነት ማዕረግ ወራሽ ስላጣ በ1787 ጵጵስናቸውን ትተው አገቡ፣ ፕሮቴስታንትም ሆኑ። በ1800 በሞት አልጋ ላይ ሳሉ አባ ዊሊያም ጋሃን የሚባሉ የአውግስጢኖስ መነኩሴ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው መለሷቸው። ሰውዬው በኑዛዜያቸው ለሜይኑዝ የካቶሊክ ኮሌጅ ንብረት ትተው ነበርና እኅታቸው ተቃወመች። በወቅቱ ሕግ ከፕሮቴስታንትነት ወደ ካቶሊክነት የተመለሰ ሰው ኑዛዜ ሊፈርስ ይችል ስለነበር፣ ሟቹ ካቶሊክ ሆነው ነው የሞቱት ወይ የሚለው ጥያቄ ርስቱን የሚወስን ሆነ። ያን የሚያውቁት አባ ጋሃን ብቻ ናቸው። አልናገርም አሉ፤ ትሪም በምትባል ከተማ ታሰሩ፣ ብዙም ሳይቆይ ተፈቱ። በአማርኛ ይህ ታሪክ ሲነገር አንድ የሚገርም ነገር አለው። ለንብረቱም ለኃጢአቱም ያለን ቃል አንድ ነው፤ ኑዛዜ። በአንዱ ኑዛዜ የተነሣ ሌላውን ኑዛዜ ለመፈልቀቅ ነው የተሞከረው።

አባ ኮልማንን ሊደግፉ የተነሡት ጠበቆች ሪቻርድ ራይከርና ዊሊያም ሳምፕሰን ናቸው። ሳምፕሰን ፕሮቴስታንት አይሪሽ ነው፤ በ1798ቱ ዐመፅ ዘመን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልቶ ከአገሩ የተባረረ ሰው። ካቶሊክን የሚያስር ሕግ ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኑ ያየ ነው፤ ክርክሩም እንደዚያው ነበር። የእንግሊዝና የአየርላንድ ፍርዶችን እዚህ አምጥታችሁ አትጫኑብን፣ እኛ ከዚያ ሸሽተን ነው የመጣነው ነበር የነገሩ ጭብጥ።

ዐቃቤ ሕጉም ባዶ እጁን አልነበረም። ማንም ሰው የሚያውቀውን ለፍርድ ቤት መናገር አለበት፤ የሃይማኖት ነጻነት ማለት አንዱን ሃይማኖት ከሌላው በላይ ማድረግ አይደለም አለ። የኒው ዮርክ የ1777 ሕገ መንግሥት 38ኛ አንቀጽ የአምልኮ ነጻነትን ከሰጠ በኋላ፣ ነጻነቱ ለብልግና ወይም የግዛቲቱን ሰላምና ደኅንነት ለሚጻረር ድርጊት ሽፋን እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ሌባን መደበቅ ደኅንነትን መጻረር ካልሆነ ምንድን ነው?

ችሎቱን የመሩት የከተማዋ ከንቲባ ዲዊት ክሊንተን ናቸው። በዚያ ዘመን ከንቲባው በዚህ ችሎት በዳኝነትም ይቀመጥ ነበር። በኋላ የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሆነው የኢሪን የውኃ ቦይ ያስቆፈሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ክርክሩ ጁን 8 ተሰማ፣ ውሳኔው ጁን 14 ተነበበ፤ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለቄሱ ፈረዱ።

የክሊንተን ሐተታ ከአንድ ፕሮቴስታንት የማይጠበቅ ዓይነት ነው። ካቶሊኮች ሰባት ምሥጢራት አሏቸው፣ ንስሐ አንዱ ነው፣ ምስጢር መጠበቅ ደግሞ የንስሐው ህላዌ ነው ይላሉ። መጋረጃው ከተገፈፈ ኃጢአተኛው አይናዘዝም፣ ቄሱም አይቀበልም፤ ስለዚህ ቄስ የሰማውን ይናገር ብሎ መፍረድ ንስሐ የሚባል ነገር አይኖርም ብሎ ማወጅ ነው። ሁለተኛው ነጥባቸው የሰብአዊነት ነው። ቄሱን እንዲምል ብናስገድደው እውነቱን ከተናገረ የክህነት መሐላውን ያፈርሳል፣ ካድበሰበሰ የፍርድ ቤቱን መሐላ ያፈርሳል፤ ዋሸም እውነት ተናገረ ኃጢአተኛ ነው። ሰውን እንዲህ ካለ አጣብቂኝ ውስጥ የሚከት ሕግ ሊኖር አይገባም፤ መውጫው ጨርሶ አለማስመስከር ነው አሉ። ስለ ደኅንነት የምታወራውንም ሐረግ ግልጽ ለሆነ አደገኛ ድርጊት የታሰበች እንጂ ከጥንት ጀምሮ ለሚታወቅ ሥርዓት አይደለችም ብለው አለፏት። ምስክር ሳይኖር ቀረና ፊሊፕስና ሚስቱ ጥፋተኛ አይደላችሁም ተባሉ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው፤ ለእኔ የሚጥመው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ያለው ነው። በ1817 እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ስሚዝ የሚባል ሰው፣ እስር ቤት ሊጠይቀው ለመጣ ፕሮቴስታንት አገልጋይ ያደረገውን ነገረው። አገልጋዩ እንዲመሰክር ተጠራ፤ የአባ ኮልማን ፍርድ ተጠቀሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ይህ ሌላ ነው አለ። እዚያ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ምሥጢር ነው፤ እዚህ ያለው አንድ ሰው ልቡ ሲጨንቀው ለሌላው ያዋየው ነገር ነው። ምስክርነቱ ተሰማ።

አስቡት፤ በሰው ዓይን የሁለተኛው ንግግር ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ምስጢር ነው። እንዲያውም ሞት የሚጠብቀው እስረኛ ከክፍሉ ውስጥ በሹክሹክታ የተናገረው ይበልጥ የሆድ ነገር ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን የለካው የነገሩን ጥልቀት አይደለም፣ ሥርዓቱን ነው። የተወሰነ ቃል፣ ሥልጣን ያለው ሰሚ፣ በሕግ የታሰረ አፍ። በተለምዶ ሥርዓትና ወግ የሚያቀዘቅዙ፣ ከልብ መነጋገርን የሚያግዱ ይመስሉናል። በዚህ ጉዳይ ግን ምስጢሩን ያዳነው ወጉ ነው፤ ወግ የሌለው ኑዛዜ ተራ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ልዩነት ማንሣት ይገባል። ብዙዎቻችን ያደግነው የንስሐ አባት ባለበት ቤት ነው። የንስሐ አባት የቤተሰቡ ሰው ነው። በበዓል ቀን ጠበል ሊረጭ ይመጣል፣ እንጀራ ቀርቦለት ይባርካል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የማን ንስሐ አባት ማን እንደሆነ ያውቃል። ሰሚው ይታወቃል፣ የተሰማው አይታወቅም። የካቶሊኩ ልማድ በሌላ በኩል ሄደ። በ16ኛው መቶ ዘመን የሚላኑ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ በቄሱና በተናዛዡ መካከል ወንፊት የመሰለ መጋረጃ ያለበት የእንጨት ቤት አሠሩ። ተናዛዡ በአንድ በኩል ይንበረከካል፣ ቄሱ ጆሮውን አዘንብሎ በሌላ በኩል ይቀመጣል። ያ እንጨት መጀመሪያ የታሰበው ለነውር መከላከያ፣ በተለይ ሴቶች ሲናዘዙ አሉባልታ እንዳይነሣ ነው፤ ቀስ በቀስ ግን የሰውየውን ማንነት ጭምር መሸፈኛ ሆነ። የዛሬው ቀኖና ይህ ባለ ወንፊት ስፍራ ለሚፈልገው ሰው ሁሉ እንዲገኝ ያዝዛል። አባ ኮልማን ግን የኒው ዮርኩን ተናዛዥ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ዕቃ ያስረከበ ሰው በወንፊት አይሸፈንማ።

የ1813ቱ ፍርድ የአንድ ከተማ ችሎት ፍርድ በመሆኑ ሌሎች ዳኞችን አያስገድድም ነበር። ሳምፕሰን ክርክሩን በመጽሐፍ ባያሳትመው ተረስቶ ይቀር ነበር። የ1817ቱ ውሳኔ የፈጠረውን መበላለጥ የዘጋው በ1828 የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ነው። የማንኛውም ሃይማኖት አገልጋይ ወይም ቄስ፣ በሃይማኖቱ ደንብ ወይም ልማድ በታዘዘ ሥርዓት መሠረት፣ በአገልጋይነቱ የተነገረውን ኑዛዜ እንዲገልጥ አይፈቀድለትም አለ። ቃሉን ልብ ይሏል፤ «አይገደድም» አላለም፣ «አይፈቀድለትም» ነው ያለው። ፕሮቴስታንቱም ገባ፤ ግን «ሥርዓት» የምትለዋ መስፈርት አልወጣችም።

በ2025 ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ ጥያቄው በከበደ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። የተሰረቀ ዕቃ አይደለም፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ስትሸፋፍን ከቆየች በኋላ። ቀሳውስት ያወቁትን ጥቃት እንዲጠቁሙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ኑዛዜንም አልለየም። አገረ ገዥው ቦብ ፈርጉሰን ካቶሊክ ሆነው ሳለ በሜይ ወር ፈረሙበት። የክፍለ ግዛቱ የካቶሊክ ጳጳሳት ከሰሱ። በ1813 የነበረው ክርክር ከነቃሉ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን እንደ ክሊንተን በቀላሉ አልፈርድም። ተመልሶ የሚሰጥ ዕቃ አለ፤ የማይመለስ ልጅነትም አለ። በሌላ በኩል፣ ሕጉ የጠበቃን ምስጢር ሳይነካ የቄስን ብቻ መክፈቱ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነበር፤ በጁላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉ ኑዛዜን በሚመለከት እንዳይሠራ ያገደውም በዚህ መበላለጥ ላይ ተመርኩዞ ነው።

በኦክቶበር ክፍለ ግዛቱ ከጳጳሳቱ ጋር ተስማማ። ቄስ በትምህርት ቤት፣ በቢሮ፣ በምክር አገልግሎት፣ በመንገድ ላይ ያወቀውን ጥቃት እንደ መምህርና እንደ ሐኪም ይጠቁማል። በኑዛዜ የሰማው ግን አይጠየቅበትም። አባ ኮልማን ባርክሌይ ጎዳና ላይ ራሳቸውን ለሁለት የከፈሉበት መስመር ይኸው ነው።